የዶሮ ካልሺየም ለኤሊ ይሆናል? ከቱሉ ዲምቱ መኖ ቤት የገዛሁትን ልንገራችሁ

የምገዛው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካሉት መኖ ቤቶች ከአንዱ ነው። ላመሰግነውም ልወቅሰውም ስለሆነ ስሙን ባልጠራው ይሻላል። ዕቃው እንደሆነ የትም ያው ነው፦ ዶሮ አርቢዎች «ላይምስቶን» የሚሉት፣ እንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ውስጥ የሚገባ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ከኩንታል እየተዘገነ በኪሎ ይሸጣል። ኪሎው ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም፤ ለአንዲት ኤሊ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

ሰው ተለምኖ ከውጭ የሚመጣው፣ ላዩ ላይ የእንሽላሊት ሥዕል ያለበት ብልቃጥ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያው ካልሺየም ካርቦኔት ነው። ንጹሑ ካልሺየም ካርቦኔት 40 በመቶው ካልሺየም ነው፤ የመኖው ላይምስቶን ትንሽ ዝቅ ይል ይሆናል እንጂ ያን ያህል አይርቅም። የሚለያዩት በልመቱ ነው። የብልቃጡ በጣም የላመ ነው፣ የእኛው ግን በጣት ሲታሽ ይሻክራል፣ አንዳንዴም የምስር ክክ የሚያህል ጠጠር ይወጣበታል። እኔ በበርበሬ ወንፊት ነፍቼ፣ የቀረውን ለጎረቤት ዶሮዎች እሰጣለሁ። እነሱ ጠጠሩን ይወዱታል።

አሁን ወደ ወቀሳው። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሚዛኑም አያጭበረብርም፣ ግን ከዶሮና ከከብት ውጭ ያለ እንስሳ አይገባውም። «እህቴ፣ ኤሊ ደግሞ ምን ጎደላት?» ብሎ ስቆ፣ «ይሄኛው ይሻልሻል» እያለ ዲሲፒ (ዲካልሺየም ፎስፌት የሚባለውን የመኖ ማዕድን) አወጣልኝ። ዲሲፒ ወደ 23 በመቶ ካልሺየም፣ 18 በመቶ ገደማ ደግሞ ፎስፈረስ አለው። ለዶሮ ጥሩ ነው። ኤሊ ግን በምትበላው ምግብ ውስጥ ካልሺየሙ የፎስፈረሱን ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት፤ ፎስፈረሱ ከበዛ ካልሺየሙን ያሳጣታል። ስለዚህ ዲሲፒ አልፈልግም ብዬ ላይምስቶኑን ያዝኩ።

ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ፌስታል ላይ ደግሞ ምንም ጽሑፍ የለም። መለያው ሎሚ ነው። ማንኪያ ላይ ትንሽ ዱቄት አድርጋችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ላይምስቶን ከሆነ ወዲያው ይፈላል፣ አረፋው ሽሽ ሲል ይሰማል። ዲሲፒ ዝም ይላል። አደራ፣ ለግድግዳ የሚቀባውን ኖራ ግን እንዳትሞክሩት፤ እሱ የተቃጠለ ድንጋይ ነው፣ አፍና ዓይን ያቃጥላል።

ሻጩ በዚያ አላበቃም። ፉርሽካ ጨምሪበት አለኝ፣ ፋጉሎ አሳየኝ፣ ለከብት የሚሰጠውን ቦሌም (ሰፈሩን ሳይሆን ጨዋማውን አፈር) አነሳ። አንዱንም አትግዙ። ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሺየሙ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ፋጉሎ ለሳር በሊታ እንስሳ ፕሮቲኑ ይበዛል፣ ቦሌ ደግሞ ጨው ነው። በነገራችን ላይ የግቢያችን ጥበቃ አባባ ዳቦ ይሰጧት ነበር፣ ልጆቹ ብስኩት። አባባን ማሳመኑ ከልጆቹ ይልቅ ከበደኝ፤ «የበላችውን ትብላ እንጂ፣ ምን ታደርጊያታለሽ?» ነው የሚሉኝ።

እኛ ጋ ያለችው ሌፐርድ ቶርቶይዝ የምትባለው፣ ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር ቅርፊት ያላት የአገራችን ኤሊ ነች። ከቤቱ ጋር የወረስናት ናት። ከዱር አንስታችሁ አምጡ እያልኩ አይደለም፣ እሱ በሕግም ያስጠይቃል። ዋና ምግቧ ሳር ነው፤ ግቢ ውስጥ የሚበቅለው ሰርዶ ይበቃታል። በበጋ ሳሩ ሲደርቅ ከዚሁ መኖ ቤት ድርቆሽ ይገኛል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አሽትቱት፣ የሻገተ ሊሆን ይችላል። እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠል ከተገኘማ ግሩም ነው፣ ካልሺየሙ ከፎስፈረሱ በጣም ይበልጣል። የሐበሻ ጎመን አልፎ አልፎ ምንም አይል። ቆስጣ ግን ካልሺየም ቢኖረውም ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ይዞ አይለቀውም፣ ሰላጣ ደግሞ ውሃ ብቻ ነው። ሙዝና ቲማቲም ለእሷ ዓይነት ሳር በሊታ አይሆንም፤ ብትሰጧት ግን ትበላለች፣ ችግሩም እሱ ነው። በእኛ አካባቢ ሌላም ነገር አለ፦ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ወንዙ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ሲገባበት የኖረ ነው። ከየት እንደመጣ ከማላውቀው ጎመን የግቢዬን ሰርዶ እመርጣለሁ። የበዓል ቄጠማም ሰው የረገጠው፣ ፈንድሻ የተበተነበት ከሆነ ይቅርባት።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ሳሩን ውሃ አርከፍክፉበትና በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጋችሁ በትኑበት፤ ካልረጠበ ዱቄቱ መሬት ላይ ይቀራል። ለትልቅ ኤሊ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ በማደግ ላይ ላለችና እንቁላል ለምትጥል ደግሞ ከዚያ ቶሎ ቶሎ። ከበዛ ራሷ ሳሩን ትታ ትሄዳለች። የምትጠጣበትና የምትነከርበት ጠለቅ ያላለ የውሃ ሳፋም ይኑራት፤ ውሃ ሳያገኙ ካልሺየም ማብዛት ጥሩ አይደለም።

ፀሐይ ከሌለ ግን ዱቄቱ ዋጋ የለውም። ካልሺየሙን ሰውነቷ የሚቀበለው ቫይታሚን ዲ3 ሲኖር ነው፣ ዲ3ውን ደግሞ ቆዳዋ የሚሠራው ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ቢ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐዩ ጠንካራ ነው፣ በዚህ ታድለናል። መስኮት ግን አያሳልፈውም! ሳሎን ውስጥ በመስታወት በኩል ፀሐይ የምትሞቅ ኤሊ ሙቀቱን እንጂ ዲ3ውን አታገኝም። ውጭ የምትውል ኤሊ ዲ3 የተጨመረበት ካልሺየም አያስፈልጋትም፣ ዲ3 ሲበዛም ይጎዳል። ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ ያገኘችውን ብልጭታ ሁሉ እንድትሞቅ አውጧት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ማደሪያዋ ጭድ የሞላበት ሳጥን ይሁን። ከበረዳት የበላችው አይፈጭላትም።

ቅርፊቷ ሲጫኑት የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ወይም እግሯ መሸከም ካቃተው፣ ዱቄት አትጨምሩ፣ ሐኪም ፈልጉ። ለእኛ ሰፈር ሰው ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው።

ለዱቄቱ ከ5 አራት እሰጣለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለጠጠሩና ምንም መለያ ስለሌለው ነው። ለሻጩ ምክር ሁለት፣ ለፈገግታው ሌላ አንድ። ስትሄዱ ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ያዙ፣ እርጥበት ካገኘው ይጓጉላል። በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ኩንታል የሚጭኑት ዶሮ አርቢዎች ሲመጡ ለአንድ ኪሎ ገዢ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።