ማፍላት ወይስ የክሎሪን እንክብል፦ ከሐዋሳ ወጥተው ሲያድሩ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወይም ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ ለማደር ሲታሰብ ከድንኳንም ከቢላም በፊት ውሃ ይታሰብ።

የምናምነው ማፍላትን ነው። ባክቴሪያውንም፣ ቫይረሱንም፣ ጃርዲያውንም ይገድላል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ይበቃል። ከድስቱ ሥር የሚነሱት ጥቃቅን አረፋዎች ግን እንዳያታልሏችሁ። ውሃው ሲንተከተክ 1 ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ጣዕሙ ከጠፋ ከዕቃ ወደ ዕቃ እያንቆረቆራችሁ አናፍሱት። ጣጣው ማገዶ ነው፤ በክረምት እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድም።

እንክብል ኪስ ውስጥ ይገባል፣ እሳትም አይፈልግም። ሆኖም ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል። መጀመሪያ ውሃው ይጥለል፣ ከዚያ አራት እጥፍ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ይጣራ። ለ1 ሊትር የተሠራውንና ለ20 ሊትር የተሠራውን አታምታቱ፤ ማሸጊያውን አንብቡ። እንክብሉ ከሟሟ በኋላ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ጠርሙሱን ዘቅዝቁ፤ የታከመው ውሃ የጠርሙሱን አፍ ጥርስ ይጠብ፣ ያልታከመ ጠብታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ከብት የሚጠጣበትን ውሃ ግን አፍሉ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተውሳክ ክሎሪንን ይቋቋማል።

በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የሚበዛውን፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ሁለቱም አያስወግዱትም፤ እንዲያውም ማፍላት ውሃውን እያተነነ ያከማቸዋል።