ከፒያሳ የገዛሁት ባለ ተራራ ሉል

የዚህ ሉል፣ ማለትም የክብ ዓለም ካርታ፣ ዋጋው 6,800 ብር ነው። ለአንድ ሉል ከበድ የሚል ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ፤ በዚያው መደብር ትንሹ የፕላስቲክ ሉል በሩብ ዋጋ፣ የግድግዳ ካርታው ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይገኛል። ይሁንና የዓለምን አህጉራትና ውቅያኖሶች ለልጅም ሆነ ለአዋቂ በትክክል ማሳየት የሚፈልግ ሰው ትንሽ ታግሦ ገንዘብ አጠራቅሞ ይህንኛውን ቢገዛ ይሻለዋል እላለሁ። ሻጮቹ የሚያወድሱት በጣት የሚዳሰሱትን ተራሮች ነው። እኔን ያረካኝ ግን ባሕሩ ነው።

ሥራዬ ተራራ ማስጎብኘት ነው። ቤቴ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቢሆንም እንጀራዬ የሚገኘው ከስሜን ተራሮች ነው። ሳንካበር አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ እንግዳ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ መጀመሪያ ቃል ያጥረዋል፤ ቀጥሎ የሚጠይቀው ያው ነው፦ «ይህ ሁሉ ገደል ከየት መጣ?» ጥያቄው በቂ መልስ ይገባዋል። በዘንግ አፈር ላይ በመጫር ብቻ ግን አይመለስም፤ መልሱ ከስሜን ውጭ፣ ከኢትዮጵያም ውጭ፣ ከባሕር በታች የሚጀምር ነውና። እንግዳ በቀነሰበት በዚህ ጊዜ ጠያቂዎቼ የጎረቤት ልጆች ሆነዋል፤ የእነርሱ ጥያቄ ደግሞ ከእንግዶቹም ይጠነክራል። ሉሉን የገዛሁት ለሁለቱም ነው።

የሉሉ ወርድ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በላዩ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት በምድር ላይ 425 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የብሱ እንደየከፍታው ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ሂማላያንና አንዲስን ዓይን ጨፍኖ በጣት ማግኘት ይቻላል። የውቅያኖሱ ክፍል ለስላሳ ሲሆን ጥልቀቱ በቀለም ተለይቷል። በየአህጉሩ ዳርቻ ያለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ጥልቁ ወደ ጥቁር ያደላል፤ ከባሕሩ ወለል የሚነሡት የተራራ ሰንሰለቶች በጥላ ተሥለዋል። ውስጡ አምፖል አለው። ሲጠፋ የተፈጥሮ መልኩ ብቻ ይታያል፤ ሲበራ የአገሮች ድንበር ብቅ ይላል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀምበት አጥፍቼ ስለሆነ መብራት በሄደበት ምሽትም በሻማ ይሠራልኛል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ጣትዎን አይስላንድ ላይ ያሳርፉ። ከዚያ ተነሥቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል ለመሐል፣ በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ መካከል የሁለቱን ዳርቻ ቅርጽ እየተከተለ የሚወርድ የተራራ ሰንሰለት ያገኛሉ። እርሱን ተከትለው ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ በታች ይዙሩ፤ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ይግቡ፤ በውቅያኖሱ መሐል ወደ ሰሜን ታጥፈው፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንተው ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይዝለቁ። ቀጥሎ ጣትዎ ከውኃው ወጥቶ የሚያርፈው አፋር ላይ ነው። ይህ ሰንሰለት ቅርንጫፎቹን ጨምሮ ዓለምን የሚዞር፣ 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው። የምድር ቅርፊት የሚለያየውና ከሥር የሚወጣው የቀለጠ አለት አዲስ የውቅያኖስ ወለል የሚሠራው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ልጆቹ ይህን ጉዞ በየተራ በጣታቸው ሳያደርጉ ከቤቴ አይወጡም።

መስመሩን ለዓለም ካሳዩት ሰዎች አንዷ ሜሪ ታርፕ የተባለች አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ መርከቦች ያመጡላትን የጥልቀት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ስታሠፍር በአትላንቲኩ ሰንሰለት አናት ላይ ስምጥ ሸለቆ መኖሩን አስተዋለች። በዚያን ዘመን እርሷ በምትሠራበት ተቋም ሴት በምርምር መርከብ ላይ እንድትሳፈር አይፈቀድም ነበርና ባሕሩን በዓይኗ ሳታይ ነው ወለሉን የሣለችው። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ አላመናትም። የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸው ነጥቦች በካርታ ላይ ሲቀመጡ ግን እርሷ ባየችው ሸለቆ ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ይህን ስናገር ከልጆቹ መካከል አንዲቱ «ታዲያ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠየቃት?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አብረው እንደሠሩና እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመውን የዓለም ውቅያኖስ ወለል ካርታ በሁለቱም ስም እንዳወጡት ነገርኳት። ሉሉ ላይ ያለው የባሕር ወለል ሥዕል የዚያ ሥራ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ከአፋር ወደ እኛ እንምጣ። ከጎንደር ቀጥታ ወደ ምሥራቅ፣ በዚሁ በእኛው ኬክሮስ ላይ፣ ዳባሁ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። በሉሉ ላይ ከጎንደር ያለው ርቀት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታም እስከ 8 ሜትር ተለያየ። ከአትላንቲክ በታች ማንም ሳያይ የሚሆነው ነገር እዚህ በየብስ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን ሆነ ማለት ነው።

የስሜን ገደልም ከዚሁ ታሪክ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቀት የመጣ ሙቀት የዛሬውን ደጋችንን ወደ ላይ ገፋው፤ የቀለጠው አለትም እየተደራረበ ፈሰሰ። በሊማሊሞ መንገድ የወረደ ሁሉ በገደሉ ግድግዳ ላይ ያየው ንብርብር ይህ ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ ያው አለት የመን ውስጥም መኖሩ ነው። አለቱ ሲፈስ ቀይ ባሕር ገና አልነበረም፤ ዐረቢያና አፍሪካ አንድ መሬት ነበሩ። ሁለት ጣቶችን አጠጋግቶ አንዱን ስሜን ላይ፣ ሌላውን የየመን ደጋ ላይ ማሳረፍ ነው። ሁለቱም ጣቶች ከፍታ ይሰማቸዋል፤ በመካከላቸው ያለችው ቀጭን ሰማያዊ ወጣቷ ባሕር ናት፤ ዛሬም በዓመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ እየሰፋች ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ይህን በቀለም ሊናገር ይችላል እንጂ በጣት ሊያስነካ አይችልም። ለእኔ 6,800 ብሩ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ጎንደር ውስጥ ላደገ ሰው ሌላው አስደንጋጭ ነገር የውኃው ብዛት ነው። ሉሉን አዙሮ ፓሲፊክን ፊት ለፊት ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ የብስ ከዳርና ከዳር ጥቂት ብቅ ከማለቱ በቀር አይታይም። «መሬቱ የት ሄደ?» ያለኝ ልጅ አለ። ፓሲፊክ ብቻውን 165 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የዓለም የብስ በሙሉ ቢደመር ግን 149 ሚሊዮን ገደማ ነው። በምዕራብ ዳርቻው ያለችውን የማሪያናን ስርጥ ሉሉ በጥቁር ሰማያዊ ቅስት አሳይቷታል። ጥልቀቷ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በራስ ዳሸን ላይ ሌላ ራስ ዳሸን ቢደረብበት አይሞላትም። ሁለት ሰዎች፣ ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ፣ በጥር 1960 እ.ኤ.አ. ትሪዬስቴ በተባለች ጠላቂ መርከብ ታችኛው ወለል ድረስ ወርደዋል።

ርካሹን የግድግዳ ካርታ ስለመግዛት ለሚያስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ በብዛት የሚሸጠው ካርታ የተሠራው መርካቶር የተባለ ካርታ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1569 ባወጣው ዘዴ ነው፤ ለመርከበኞች የተመቸ ዘዴ ነው፣ ስፋትን ግን ያዛባል። በዚያ ካርታ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ታህላለች። በእውነቱ አፍሪካ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ግሪንላንድ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ የምትበልጥ ናት፤ 14 ጊዜ እንበልጣታለን። ልጅ የገዛ አህጉሩን አሳንሶ እያየ ማደግ የለበትም።

ርቀትም እንዲሁ ነው። የጎረቤቴ እናት ልጃቸው ዋሽንግተን ነው። «ልጄ፣ እስቲ በየት በኩል እንደሚሄድ አሳየኝ» አሉኝ። «እማማ፣ እርስዎ አዲስ አበባ ላይ ይያዙልኝ» ብዬ ክር ሰጠኋቸውና ሌላውን ጫፍ ዋሽንግተን ላይ ወጠርኩት። ክሩ ሁሉም እንደሚገምተው ወደ ምዕራብ አልሄደም፤ በሊቢያ ላይ አልፎ፣ ስፔንና ፖርቱጋልን አቋርጦ፣ ከዚያ ነው አትላንቲክ ላይ የወጣው። 27 ሴንቲ ሜትር፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። እማማ ክሩን ከራሳቸው ጋር ይዘውት ሄደዋል።

የሉሉ መቆሚያ 23 ዲግሪ ተኩል ያጋደለ ስለሆነ ወቅትንም ለማስረዳት ያገለግላል። በባትሪ እያበራሁ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ በቡሄ ሰሞን፣ በጎንደር አናት ላይ ቀጥ ብላ እንደምታልፍ አሳያለሁ። ነሐሴ ደመና ስለሚያስቸግር ሚያዝያን ጠብቆ በቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ እንጨት አቁሞ መሞከር ነው፤ ጥላው ከሥሩ አይወጣም ማለት ይቻላል።

ጉድለቶቹን አልደብቅም። ከሁሉ የከፋው መጋጠሚያው ነው። ሉሉ ከሁለት ግማሾች የተሠራ ስለሆነ በምድር ወገብ ዙሪያ ወፍራም የወረቀት ቀበቶ ተለጥፎበታል። በዚህም ምክንያት 5,199 ሜትር የሚረዝመው የኬንያ ተራራ ጠፍጥፎ ቀርቷል፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሜናዊ ክፍልና የአማዞን ወንዝ አፍም ከቀበቶው ሥር ገብተዋል። የአፍሪካን ሁለተኛ ተራራ ማጥፋት ቀላል ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው የከፍታው መጋነን ነው። በትክክለኛ መጠኑ ቢሠራ ኤቨረስት በዚህ ሉል ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ እዚህ ግን ሂማላያ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ተነሥቷል፤ 20 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። መጋነኑ ግድ ነው፤ አለዚያ ጣት ምንም አይሰማውም። ነገር ግን ሣጥኑም መመሪያውም ይህን አይናገሩም፤ ልጅ ምድር እንዲህ ሸካራ ናት ብሎ እንዳያምን ገዢው ራሱ መንገር አለበት። ቀለሙም ያሳስታል። ዝቅተኛ ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው የዳሎል ጨው ሜዳ ለምለም መስሎ ይታያል።

የራስ ዳሸን ከፍታ 4,620 ተብሎ የድሮው ቁጥር ተጽፏል፤ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ሜትር ነው። የደቡብ ውቅያኖስ ስምም የለም። አንታርክቲካን የሚዞረው ያ ባሕር አትላንቲክን፣ ፓሲፊክንና ህንድ ውቅያኖስን በአንድ ፍሰት የሚያገናኝ ነውና ሊጻፍ ይገባው ነበር። ስሞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በአማርኛ የተጻፈ እንዲህ ያለ ሉል የሚያሳትም ቢገኝ ነገ እገዛለሁ። ጣና የጤፍ ፍሬ ያህል ሆና ተቀምጣለች፤ ዐባይ ከእርሷ በትክክል ይወጣል።

ስለ መደብሩ፦ የጽሕፈት መሣሪያ ከሚሸጡት የፒያሳ ሱቆች አንዱ ነው። ሻጯ ትሁት ናት፤ «ጋሼ፣ ከፍተው ይዩት» ብላ ራሷ ሣጥኑን ከፈተችልኝ። መጀመሪያ ያወጣችው ሉል ደቡብ አሜሪካ ላይ ወረቀቱ ተልጦ ነበር። ባለቤቱ «ማጣበቂያ ይበቃዋል» ቢልም አልተቀበልኩም፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ሌላ ከመጋዘን መጣ። ደረሰኝ ለማግኘትም መጠበቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሉሉን አንድ ዙር አዙሩት፤ የምድር ወገብ መጋጠሚያው ተከፍቶ እንደሆነ በጥፍር ፈትሹ፤ አምፖሉን ሱቁ ውስጥ አብርታችሁ እዩ። የኤሌክትሪክ ገመዱ አጭር ስለሆነ ማራዘሚያ ያስፈልጋል። የበጋ አቧራ በተራሮቹ መካከል ስለሚቀመጥ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ተጠቀሙ፤ እርጥብ ጨርቅ ከነካው የአንዲስ ጫፍ ቀለሙን ይለቃል።