የሙላቱ አስታጥቄ የቀድሞ ሥራዎች በሲዲ፦ የትኛውን ዳግም ዕትም እናስቀድም?

የሙላቱ አስታጥቄን የመጀመሪያ ዘመን ሥራዎች በሲዲ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚቸገረው የሚገዛው ነገር አጥቶ ሳይሆን፣ በአንድ ስም ሥር ከቀረቡት ዕትሞች መካከል የትኛው ለምን እንደሚበጅ መለየት አቅቶት ነው። አንዱ ሥራ በሁለትና በሦስት ዲስኮች ላይ ይደጋገማል፤ የሥራዎቹ ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድ ከአሳታሚ አሳታሚ ስለሚለያይ፣ ገዢው አዲስ ነው ብሎ የገዛው ቀድሞ በእጁ የነበረ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች አራት ዕትሞችን አነጻጽራለሁ፦ የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በ1998 ያወጣውን «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4፣ የለንደኑ ስትራት በ2009 ያሳተመውን «ኒው ዮርክ–አዲስ–ለንደን»፣ ይኸው ስትራት በ2017 ዳግም ያወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» እና በ2018 ያስከተለውን «አፍሮ ላቲን ሶል»። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ብናገር ይሻላል። አንድ ዲስክ ብቻ ለሚገዛ ሰው ከ«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 የሚበልጥ የለም፤ ሁለተኛ ለሚጨምር ሰው ደግሞ ብዙዎች እንደሚመክሩት ሌላ ስብስብ ሳይሆን፣ በ1972 እንደተሠራ ሙሉ አልበሙን የያዘው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ይቀድማል። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ሥራዎቹ የትና መቼ እንደተቀረጹ በአጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል።

ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወልዶ በወጣትነቱ ለትምህርት ወደ ዌልስ የሄደ፣ ከዚያም በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅና በቦስተን በርክሊ የተማረ ሙዚቀኛ ነው። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ዎርዚ በተባለው አነስተኛ ኩባንያ ሁለት የ«አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞችን አወጣ፤ በ1972 እዚያው ኒው ዮርክ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ተከተለ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው የአምሃ ሪከርድስ ስም፣ አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 የወጣውን የየካቲት አልበም ጨምሮ፣ በርካታ ሥራዎች በሸክላ ታትመዋል። እንግዲህ ገዢው የሚመርጠው በመሠረቱ በሦስት ምንጮች መካከል ነው፦ የ1966ቱ ኒው ዮርክ፣ የ1972ቱ ኒው ዮርክ እና የአምሃ ዘመን አዲስ አበባ። አራቱ ዲስኮች የሚለያዩትም ከእነዚህ ምንጮች በሚወስዱት መጠን ነው።

«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጃቸው ተከታታይ ዲስኮች አንዱ ሲሆን፣ ከ1969 እስከ 1974 ካለው ዘመን የተመረጡ አሥራ አራት ሥራዎችን ይዟል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፃዊ የለበትም፤ ትልቁ ጥንካሬውም ይኸው ነው። ዲስኩ በ«የከርሞ ሰው» ይከፈታል። የነፋስ መሣሪያዎቹ ዜማውን በአንድነት ሲያነሡ፣ ቤዙና ከበሮው ሳይቸኩሉ ሥር ሥሩን ይሄዳሉ፤ አድማጩ የሚያውቀው የትዝታ ስሜት በማያውቀው የጃዝ ስምምነት ላይ ተቀምጦ ይመጣለታል። ሙላቱ ኢትዮ-ጃዝ ያለው ይህንን ነው፦ አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶቻችን ባሕርያቸውን ሳይለቁ ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች ስምምነት ጋር እንዲኖሩ ማድረግ። «የግሌ ትዝታ»ን፣ «ትዝታ»ን እና «ጉብልዬ»ን በተከታታይ የሰማ ሰው ሐሳቡን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ዜማው በዘፋኝ ግጥም ስላልተሸፈነ፣ ቅኝቱ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ምን መልክ እንደሚይዝ በግልጽ ይሰማል።

ይህ ዲስክ ከኢትዮጵያ ውጭ ሙላቱን ያስተዋወቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ከተጠቀመ በኋላ ብዙ አድማጭ ፈልጎ የገዛው እርሱኑ ነው፤ ስለዚህም በሁለተኛ እጅ ገበያ ከአራቱ በቀላሉ የሚገኘው እርሱ መሆኑ አያስገርምም። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ስብስብ እንጂ አልበም ባለመሆኑ፣ ሥራዎቹ ሙላቱ ራሱ በመረጠው ቅደም ተከተል አይደለም የሚሰሙት። አንዳንዶቹ ቅጂዎች የዘመናቸውን የቴፕ ሹክሹክታ ይዘው መጥተዋል፤ ይህ የዲስኩ ብልሽት አይደለም፤ ሰው በመሣሪያው የቀጭን ድምፅ (ትሬብል) ማስተካከያ ለማጥፋት ቢሞክር ጸናጽሉንም አብሮ ያጠፋዋል። ከዲስኩ ጋር ያለው ጽሑፍ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ አለመኖሩ ያሳዝነኛል፤ ሥራው ይበልጥ የሚመለከተው አንባቢ በገዛ ቋንቋው ሊያነበው ይገባ ነበር።

«ኒው ዮርክ–አዲስ–ለንደን» ከላይ ካለው ዲስክ ጋር በቀጥታ የሚወዳደር ነው፤ ብዙ ገዢም በሁለቱ መካከል ያመነታል። ከ1965 እስከ 1975 ያለውን ዘመን ይሸፍናል፤ ከሦስቱም ምንጮች ይወስዳል፤ «የከርሞ ሰው»ንና «አስመሪና»ን የመሳሰሉትን ከ«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ጋር ይጋራል። የሚለየው ሙላቱ አቀናባሪ ሆኖ ከድምፃውያን ጋር የሠራቸውን ማካተቱ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ፣ ሙሉቀን መለሰና ሰይፉ ዮሐንስ በዚህ ዲስክ ላይ ይሰማሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙላቱን በቫይብራፎን (በዱላ እየተመቱ ድምፅ በሚሰጡ የብረት ዘንጎች የተሠራ መሣሪያ) ተጫዋችነቱ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ለአንድ ድምፃዊ ከኋላ ሆኖ የነፋስ መሣሪያዎችን እንዴት እንደሚደለድል፣ ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድበት ክፍተት ምን እንደሚያስገባ ሲሰማ ሌላ ሙላቱን ያገኛል።

ታዲያ ይህን ዲስክ ለምን ሁለተኛ እንኳ አላደረግሁትም? የጉዞ ታሪክ መንገሪያ ሆኖ ስለተሰናዳ ነው። ከኒው ዮርኩ የላቲን ምት ወደ አዲስ አበባው ከባድ ቤዝ፣ ከመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ወደ ዘፈን በየሦስት ደቂቃው ይሸጋገራል፤ ለማጥናት ይመቻል፣ ተቀምጦ በአንድ ስሜት ለማዳመጥ ግን ያስቸግራል። ከዚህም በላይ፣ ሌሎቹን ሦስቱን ቀስ በቀስ ለመግዛት ያሰበ ሰው በመጨረሻ በዚህ ላይ አዲስ ሆኖ የሚያገኘው በዋናነት የድምፃውያኑን ክፍልና እንደ «እምነቴ» ያሉ ጥቂት ሥራዎችን ነው። በተቃራኒው፣ ከአንድ ዲስክ በላይ የመግዛት ሐሳብ የሌለው፣ ነገር ግን የሙላቱን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ማየት የሚፈልግ፣ በተለይም ኢትዮጵያዊ ዘፈን የሚወድ ወዳጅ ካለ፣ ለእርሱ የምመክረው ከቁጥር 4 ይልቅ ይህንን ነው። ለስጦታም ይስማማል።

«ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ሰባት ሥራዎች ብቻ አሉት፦ «ሙላቱ»፣ «መስከረም ሲጠባ»፣ «ደወል»፣ «ኩሉን ማን ኳለሽ»፣ «ካሳለፍኩት ሁሉ»፣ «ሙናዬ» እና «ጭፈራ»። ከእነዚህ ውስጥ «ደወል»፣ «ካሳለፍኩት ሁሉ» እና «ሙናዬ» የሚሉት ርእሶች በ«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ላይም ስላሉ፣ ያንን ዲስክ የያዘ ገዢ በርእስ ደረጃ አዲስ የሚሆኑለት አራት ብቻ ናቸው። በገንዘብ ሒሳብ ብቻ ካየነው ውድ ነው። እኔ ግን እንደ አልበም ከአራቱ የምወደው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ሥራዎቹ አንድ ላይ እንዲሰሙ ታስበው የተደረደሩ ናቸው። አጫጭሮቹ ዜማዎች በሠርግና በዓውደ ዓመት የምናውቃቸውን መልክ ይዘው ፈጥነው ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ረጅሙ «ጭፈራ» ሲመጣ ባንዱ የያዘውን ምት ሳይለቅ ለተጫዋቾቹ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ይህ ሚዛን በስብስብ ውስጥ ይጠፋል።

ስለዚህ ዕትም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2017 አልበሙ ዳግም ሲወጣ ከስቴሪዮው ቅጂ ሌላ የሞኖውም ቅጂ ለሕዝብ ቀርቧል፤ የሸክላውና የሲዲው ይዘት ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ስለ ሸክላው የተጻፈውን ማስታወቂያ አንብቦ ሲዲውን ማዘዝ አይገባም። የዲስኩን የጀርባ ዝርዝር በፎቶግራፍ ማየት ይበጃል። የሁለቱ ቅጂዎች ልዩነት በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ወዲያውኑ ይለያል፦ በስቴሪዮው መሣሪያዎቹ ግራና ቀኝ ተከፋፍለው እያንዳንዱ የራሱ ስፍራ ሲኖረው፣ በሞኖው ሁሉም መሐል ላይ ተደራርበው ቤዙና ከበሮው ይበልጥ ይጎላሉ። በአንድ ድምፅ ማጉያ ወይም በመኪና ለሚሰማ ሰው ስቴሪዮው ያን ያህል ጥቅም አይሰጠውም።

«አፍሮ ላቲን ሶል»ን በመጨረሻ ያስቀመጥሁት ጥራት ስለጎደለው አይደለም። የ1966ቱ ሁለት አልበሞች አጫጭር በመሆናቸው በአንድ ሲዲ ላይ ተጠቃለው መቅረባቸው ለገዢው ትልቅ ቅናሽ ነው። ነገር ግን ይህ ሙላቱ ገና መንገዱን ሲፈልግ የሠራው ነው፤ ቫይብራፎኑና ኮንጋ የተባለው የላቲን ከበሮ ከፊት ናቸው፣ መንፈሱም ባመዛኙ የዘመኑ የኒው ዮርክ የላቲን ጭፈራ ነው። የኢትዮጵያ ቅኝት ብልጭ ይላል እንጂ አይነግሥም። ዋጋው የሚገባን ከኋለኛው ጋር ስናስተያየው ነው። «መስከረም ሲጠባ»ን ብቻ ወስዶ በ1966 የተቀረጸውንና በ1972 የተቀረጸውን ተከታትሎ የሚሰማ ሰው፣ አንድ ዜማ በስድስት ዓመት ውስጥ ከላቲን ምት እንግድነት ወጥቶ የራሱን ቤት እንዴት እንደሠራ ይረዳል። ለዚህ ሲባል ሁለቱን አጎራብቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይገባል እላለሁ። ኢትዮ-ጃዝን በዚህ ዲስክ የሚጀምር ሰው ግን የጠበቀውን ስለማያገኝ እንዳያዝን እሰጋለሁ።

በፍለጋ ጊዜ ከእነዚህ ጋር ተቀላቅለው የሚመጡ ዳግም ዕትም ያልሆኑ ዲስኮችም አሉ። በ2009 ሄሊዮሴንትሪክስ ከተባለው የለንደን ባንድ ጋር የተሠራው፣ የ2010ሩ «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ» እና የ2013ቱ «ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ» በየጊዜያቸው አዲስ የተቀረጹ ናቸው። በ2025 የወጣው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ደግሞ የቆዩ ርእሶችን በአዲስ ቅጂ ስለያዘ በቀላሉ ያሳስታል። በራሳቸው ሊደመጡ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው፤ የድሮውን ድምፅ ፈልጎ የሚገዛቸው ግን ሌላ ነገር ይደርሰዋል።

የቀረው የግዢ ጉዳይ ነው። አዲሱን ከአሳታሚው ወይም ከታወቀ መደብር መግዛት ገንዘቡ ወደ ባለመብቱ የሚደርስበት መንገድ ስለሆነ ከሁሉም በፊት ይመረጣል። አሮጌ የሚገዛ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ዲስኩ በፋብሪካ የታተመ እንጂ በኮምፒውተር የተገለበጠ አለመሆኑን ያረጋግጥ። የሚነበበው ገጽ ጥርት ያለ የብር መልክ ካለውና ከመሐሉ ቀዳዳ ዙሪያ ባለው ቀለበት ላይ በብርሃን ሲያዩት ደቃቅ ቁጥርና ፊደል ከተቀረጸበት፣ በአብዛኛው የፋብሪካ ነው፤ ገጹ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ከሆነ ግልባጭ ነው። ጭረትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ገጽ ብቻ ነው፤ ድምፁ የተቀመጠበት ስስ ንጣፍ ግን የሚገኘው ጽሑፍ ካለበት ገጽ ሥር ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የደረሰ ጥልቅ ጭረት ሊጠገን አይችልም። ከዲስኩ ጋር የሚመጣው ደብተር መኖሩንም መጠየቅ ያሻል፤ በተለይ «ኢትዮፒክስ» ያለ ጽሑፉ ከተሸጠ ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት። ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ነው፤ በእጅ የሚያዘው፣ ስለዚህም ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ጠርዙ ነው። ስለሆነም ሻጩ የመጀመሪያውን ሥራ ከፍቶ ሲያሰማ፣ ዋጋ ከመነጋገር በፊት የመጨረሻውንም እስከ ፍጻሜው እንዲያሰማ መጠየቅ ያስፈልጋል።