እናቴን ደግፋ በጨለማ ለሄደችው እህት

ይህን ምስጋና ካልጻፍኩ ውስጤ አያርፍም።

ከወራት በፊት እናቴ ከሰፈራችን ጀርባ ባለችው አቋራጭ ላይ ተዘረፈች። ቦርሳዋን ነጥቀው ገፍትረዋት ሮጡ። ቀኝ እጇ ተሰበረ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቦታ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ስልኩን ተቀማ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ከመሸ ንቅንቅ አልል አለች። በር ሲንኳኳ እንኳን ትደነግጣለች።

ያን ጊዜ ነው መንከራተቴ የጀመረው። አንዱ ቢሮ ቃላችንን ተቀብሎ "እንደውላለን" አለን፤ የደወለ የለም። መብራቱ ጠፍቷል ስል "እሱ እኛን አይመለከትም" ተባልኩ። የሚመለከተው ጋ ስሄድ ደግሞ ከመጀመሪያው ቢሮ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። መንገዱን የዋጠው ቁጥቋጦ የሌላ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ። አንዱማ እማዬ እጇን በፋሻ አንጠልጥላ ፊቱ ቆማ "ለመሆኑ በዚያ ሰዓት ምን ሊያደርጉ ወጡ?" አላት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ማንነታቸውን ግን አልጠራም፤ እዚህ የመጣሁት ለምስጋና ነው።

ተስፋ ቆርጬ ሳለ አንዲት ጓደኛዬ ፖሊስን፣ ማዘጋጃ ቤትን፣ ሆስፒታልንና ትምህርት ቤቶችን ስለሚያገናኘው የጋራ የደህንነት ኮሚቴ ነገረችኝ። የኮሚቴው አስተባባሪ አንዲት ሴት ናት። ታሪኩን ጀምሬ ሳልጨርስ "እናትሽ በየት በኩል ነው የሚሄዱት? አብሬያቸው ልሂድ" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ፖሊሱን፣ የመብራቱን ኃላፊና የማዘጋጃ ቤቱን ሰው አስከትላለች። የእማዬን ደህነኛ እጅ ይዛ፣ በእማዬ እርምጃ፣ ያቺን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። እማዬ ስትቆም ትቆማለች። የጠፉትን መብራቶች አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ አምስት ሆኑ። ቁጥቋጦው ጋ ሲደርሱ እማዬ ዝም አለች። አስተባባሪዋም ዝም ብላ ትከሻዋን አቀፈቻት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ እዚያው ቆማ ጻፈች፤ ሁሉንም አስፈረመች።

ሆስፒታል እዚህ ምን አገባው ብዬ ጠይቄያት ነበር። የዌልሷን ካርዲፍ ከተማ ነገረችኝ። ጆናታን ሼፐርድ የሚባል የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ተደብድበው ሆስፒታል ከሚመጡት ብዙዎቹ ፖሊስ ጋ እንደማይደርሱ ያስተውላል። ስለዚህ ሆስፒታሉ የሰው ስም ሳይነካ ጥቃቱ የትና መቼ እንደደረሰ ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር መንገር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ከመሰል ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በጥቃት ተጎድቶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው በ42 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። መረጃውን እንዴት እንደሚያቀናጁት አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር የእናቴ እጅ ስብራት ሐኪሙ ጋ ብቻ ተቀብሮ መቅረት እንደሌለበት ነው።

መብራቶቹ በሁለት ሳምንት በሩ። ቁጥቋጦው ተመነጠረ። ፖሊሶቹ አመሻሽ ላይ በእግር ያልፋሉ፤ እማዬንም በስሟ ሰላም ይሏታል። አስተባባሪዋ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለች "እማማ፣ እንዴት አመሹ?" ትላለች። ይህን ማን ያደርጋል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ!

እባካችሁ፣ እንደኔ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተታችሁ ከሆነ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ የጋራ ኮሚቴ መኖሩን ጠይቁ። ካለ ዛሬውኑ ሂዱ። ስትሄዱ የተወሰደባችሁን ብቻ አትንገሩ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የጠፋውን መብራት ሳይቀር ንገሩ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ።

እማዬ ትናንት አመሻሽ ላይ ነጠላዋን ደርባ "መጣሁ" ብላኝ ወጣች። ብቻዋን። መስኮቱ ጋ ቆሜ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አየኋት።