ፕሮጀክትሊብሬ ለህንጻ ስኬጁል፦ በነጻ ለሚገኝ ነገር ከጠበቅኩት በላይ ነው

ትንሽ ኮንትራክተር ቢሮ ውስጥ ለምንሰራ፣ የማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ላይሰንስ ግዙልን ብንል ሰሚ ለሌለን ሰዎች ይሄ የስራ ስኬጁል ማውጫ ሶፍትዌር በቂያችን ነው። ነጻ ነው፣ ከ2012 (በፈረንጅ) ጀምሮ አለ፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሰራል፣ ሰው የላከላችሁን የኤምፒፒ (የማይክሮሶፍት ፕሮጀክት) ፋይልም ይከፍታል።

እኔ ግን የወደድኩት የደብሊውቢኤስ (ትልቁን ስራ ወደ ትንንሽ የሚከፋፍል ዝርዝር) ቪውን ነው። ያስገባችሁትን ስራ እንደ ዘር ሀረግ ከላይ ወደ ታች በሳጥን በሳጥን ይዘረጋዋል፣ ጉዱም የሚወጣው እዚህ ጋ ነው ምክንያቱም አብዛኛው የኛ ሰው ስኬጁል ሲባል ቢኦኪውን (የስራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩን) ኮፒ ፔስት ነው የሚያደርገው። ቁፋሮ፣ ኮንክሪት፣ ብሎኬት፣ ልስን፣ ሳኒተሪ፣ ኤሌክትሪክ... ቢኦኪው እኮ ለክፍያ የተሰራ ነው! ጂ+4 ላይ "ኮንክሪት ስራ" የሚል አንድ ሳጥን ስታዩ የትኛው ፎቅ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል?

በፎቅ ክፈሉት። "2ኛ ፎቅ ስላብ" በሉና ከስሩ ፎርምወርክ፣ ብረት ማሰር፣ ኮንዲዩት (የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) መቅበር፣ ሙሌት፣ ውሃ ማጠጣት። ኮንዲዩቷ ቢኦኪው ላይ መጨረሻ ኤሌክትሪክ ስር ነው ያለችው፣ ከዛ የገለበጠ ሰው ኤሌክትሪሻኑን ስላቡ ከተሞላ በኋላ ይጠራዋል፣ ከዛማ ድሪል ይዞ መቦርቦር ነው።

ንዑስ ስራዎቹን ኢንደንት ስታደርጉ (ወደ ውስጥ ገባ ስታደርጓቸው) ከላይ ያለው መስመር ራሱ ማጠቃለያ ይሆናል፣ ወጪውን ይደምራል፣ ቀኑንም ከስሩ ካሉት ይወስዳል፣ ስለዚህ እዛ ላይ በእጅ ቀን አትጻፉ። ስንት ድረስ ልሰንጥቀው ለምትሉ፣ አንዱ ትንሽ ስራ ከ8 ሰዓት ያላነሰ ከ80 ሰዓት ያልበለጠ ይሁን የምትባለዋ መመሪያ ለሳይት ትሆናለች፣ ከዛ በታች ከወረዳችሁ ፎርማኑ አያነበውም።

የማይመቸው፣ ስራው ሲበዛ ሳጥኖቹ ከስክሪን ይወጣሉ፣ ዙም እያደረጋችሁ መፈለግ ነው። ካላንደሩ የፈረንጅ ነው፣ ሲከፈት ከሰኞ እስከ አርብ ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ቅዳሜን የስራ ቀን ማድረግ፣ መስቀልን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ኢዱን አንድ በአንድ በእጅ ማስገባት የናንተ ስራ ነው (ኢድና ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዞሩ የዘንድሮውን ለከርሞ እንዳትተዉት)።

ሴቭ የሚያደርገውም በራሱ ፎርማት ነው፣ በኤምፒፒ አያወጣም። ኮንሰልታንቱ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ካለው በኤክስኤምኤል አውጥታችሁ ላኩለት፣ ግን ከመላካችሁ በፊት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ቀኖቹን አመሳክሩ።