የኮዬ ፈጬው ቦክስ ቤት፦ ሻወሩ ዜሮ፣ አሰልጣኙ አንደኛ

መጀመሪያ መጥፎውን ልናገር። ውኃ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ከኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ሱቅ ስለሆነ መስኮት የለውም፤ የላቡ ሽታ አይጣል ነው። ክፍያው ግን ከመሀል ከተማው ይቀላል።

ታናሽ ወንድሜን ያስመዘገብኩት በአሰልጣኙ ምክንያት ነው። እዚያ ቤት ዋናው ሥራ ገመድ ዝላይና ከረጢት መምታት ነው። ስፓሪንግ (እርስ በርስ የሚደረገው የልምምድ ግጥሚያ) በሳምንት አንዴ፣ እሱም በቀስታ። "ሄልሜት ካደረጉ ምን ያሰጋል?" ብዬ ጠየቅኩት። "ሄልሜት ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ነው፤ አንጎል እንዳይናጥ አያደርግም" አለኝ። እውነቱን ነው። ሄልሜት አንጎልን ከመናጥ አያድንም ተብሎ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ ወንዶቹ ቦክሰኞች ያለ ሄልሜት ነው የተጋጠሙት።

ቤት ገብቼ ጉዳዩን አነበብኩት። ቡጢ ሲያርፍ ጭንቅላት በድንገት ይዞራል። አንጎል ውስጥ ለውስጥ ይጠመዘዛል፣ ቀጫጭን የነርቭ ክሮችም ይሳባሉ። ክሮቹን ከውስጥ የሚደግፈው ታው የተባለ ፕሮቲን ቦታውን ይለቃል። ምቱ ለዓመታት ሲደጋገም ታው እየተጣበቀ በአንጎል እጥፋቶች ሥር፣ በጥቃቅን የደም ሥሮች ዙሪያ ይከማቻል። ሲቲኢ የሚባለው በሽታ ይህ ነው። የተመታ ሁሉ ይይዘዋል ማለት አይደለም። የያዘው ሰው ግን መርሳቱ፣ ግልፍተኝነቱና ድባቴው ጓንት ከሰቀለ ከስንት ዓመት በኋላ ሊመጣበት ይችላል። በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ከሞት በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ሐኪም ሀሪሰን ማርትላንድ ስለ ቦክሰኞች የጻፈው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ናይጄሪያ የተወለደው ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ደግሞ በአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ማይክ ዌብስተር አንጎል ላይ ያገኘውን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

አንድ ቀን አንዱ ልጅ አገጩን ተመታ። አልወደቀም። ግን "ስንተኛ ዙር ነው?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። አሰልጣኙ ወዲያው ጓንቱን አስፈታው፤ የሐኪም ወረቀት ሳያመጣ ስፓሪንግ የለም ተባለ። አባትየው ተቆጡ። "ልጄ መቼ ወደቀና?" "ጋሼ፣ መውደቅ አይደለም መለኪያው። ብዙዎቹ ራሳቸውን ሳይስቱ ነው የሚጎዱት" አላቸው። እኔ የምከፍለው ለዚህ ነው።

ለባለቤቱ አንድ ነገር አለኝ። ምንጣፉ ተቀዳዶ ሲሚንቶው ይታያል። ልጅ ወደ ኋላ ቢወድቅ ጭንቅላቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በቅርቡ ግድግዳውን ሙሉ መስታወት አስገጥመሃል። ምንጣፉ አይቀድምም ነበር?