የአያት ተረት ወይስ የባቲ ገበያ?

ወሎ ተቀምጦ የልጆች መጽሐፍ መሥራት ያማረው ሰው መነሻውን ከየት ያምጣ?

የአያት ተረት፦ ወጪው አንድ ጀበና ቡና ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ልጅ አጠገብ ካለ፣ የቱ ጋ እንደሚስቅ እዚያው ይታያል። ስጋቱ መደጋገም ነው፤ ጦጣና ጅብ ብዙ ተጽፎባቸዋል። አያትዎ ብቻ የሚጨምሯትን ነገር ይያዙ።

የባቲ ገበያ፦ ቀኑ ሰኞ ነው። መሳፈሪያ ይጠይቃል፣ ሙቀቱም ቀላል አይደለም። ግን ግመሉ፣ አቧራው፣ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ አለባበስ በአንድ ሜዳ! ለሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን አለ? እኔ ከካሜራ ይልቅ እርሳስና ደብተር እመርጣለሁ። ዓይን ቀስ ብሎ ያያል፤ ሰውም አይሸሽም። ፈቃድ መጠየቅ ግን ግድ ነው።

ታሪክ የቸገረው ከአያቱ ይጀምር። ታሪኩ አልቆ መልክና ቀለም የጠፋው ሰኞን ባቲ ይዋል።